ባንቺአየሁ የተሰናበተችው ሰው

ልጄ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ስምህን የሰጠህ ሰማዕት በእንግሊዝ ብርድ አይለይህ። እህትህ ባንቺአየሁ የስድስት ወር ልጇን እኔ ዘንድ ትታ ገበያ እንደወጣች ከቀረች ሁለት ወሯ ነው። አገሩ ለአውጫጭኝ ተሰብስቦ ያየውን በመሐላ ሲናገር፣ ሽማግሌው አያ ነጋ «መንገድ ላይ ጉልበቴን ስማ ተሰናበተችኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። ያሳደግኋችሁ እኔ አጎታችሁ ነኝ፤ ለእኔ ግን «ጨው ልግዛልህ?» ብቻ ብላ ወጣች!

«አያ የሻው፣ በሽማግሌ ትቀናለህ?» ብለው ሳቁብኝ። እውነትም ቀናሁ። ሕፃኗም ከእኔ ይልቅ ለጎረቤታችን ለአበቡ ትስቃለች፤ በእሷም ቀናሁ።

ለአንተ ጽፋልህ ከሆነ አትደብቀኝ፤ የት እንዳለች አልጠይቅህም። እድሜና ጤና ይስጥህ። በአንተም ቀንቼ ልኑር፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ንገረኝ።