ጥንቸል ተብሎ ስለታሸገው ዶሮ

ለእንስሳት መኖ ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለኝ ጸሐፊዎ በሙሉ ጤንነት ትገኙ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ የሰው ስሕተት ስለቅም ሠላሳ ዓመት ስለሞላኝ፣ አጻጻፌ የደከመው ሰው አጻጻፍ ቢመስል አይፍረዱብኝ። የምኖረው ከታላቅ እኅቴ ጋር ነው። እኅቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ከጭኗ የማትወርድ አንዲት ድመት አለቻት፤ «እሜቴ» ብላ ትጠራታለች።

ባለፈው ዓመት እሜቴ ቆዳዋን በጥፍሯ ትፎክት ጀመር። መጀመሪያ የአንገቷ ጠጉር አለቀ፣ ቀጥሎም ቆዳዋ ደማ። የእንስሳት ሐኪሟ አይታት፣ «የምግብ አለርጂ ይመስለኛል፤ ለስምንት ሳምንት ቀምሳው የማታውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ትብላ፣ ሌላ ነገር እንዳትልስ እንኳ» አለችን። እኔም ከሱቁ መደርደሪያ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሜ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ያረፈበትን «የጥንቸል ሥጋ» የሚል ጣሳ መረጥሁ። እነሆ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ማኅተምዎ አመሰግናለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ አምነነው እሜቴ ይብስባት ነበር እንጂ አልተሻላትም። በስድስተኛው ሳምንት የሥራ አጉሊ መነጽሬን ወደ ቤት ወስጄ የጣሳውን ጀርባ አነበብሁ። ከግርጌ ማስታወሻ ባነሰ ፊደል «ጥንቸል አራት በመቶ» ይላል፤ የቀረው ዶሮ ነው። ዶሮ ደግሞ እሜቴ ከተወለደች ጀምሮ ስትበላው የኖረችው ነው።

2ኛ. ስለ ባለሙያዎ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። ጣሳውን ይዤ ቢሯቸው ስቀርብ፣ አራት በመቶ ከተገኘ ምርቱ በዚያ ሥጋ ስም ሊጠራ እንደሚችል መመሪያው እንደሚፈቅድ በትሕትና አስረዱኝ። በዚህ ስሌት እኔም አራት በመቶ ያህል ትዕግሥት ስለቀረኝ፣ ከአሁን በኋላ «ታጋሹ አራሚ» ተብዬ ልጠራ እንደምችል ተረድቼ ተጽናንቻለሁ።

3ኛ. ስለ ሥርዓት አክባሪነታችሁ አመሰግናለሁ። የድመቷ ባለቤት እኅቴ ስለሆነች አቤቱታውን ራሷ ማቅረብ እንዳለባት ተነገረኝ። ግድግዳ እየዳሰሰች ሦስት ፎቅ ወጣች። በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ቅጹን ሰጥቶ፣ «አንብበው ይፈርሙ» አላት። እኅቴም፣ «ልጄ፣ ማንበብ ብችልማ ጣሳውንም አነበው ነበር» አለችው። ማመልከቻው ተመዘገበ፤ መልስ በፖስታ ይደርሳችኋል ተባልን።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ፣ እሜቴ ያሠርንላትን የአንገት መከለያ አውልቃ ቁስሏን ዳግም ልጣው አገኘናት። እኅቴ በጣቶቿ ዳሰሰቻትና፣ «እኔ ዘንድ ሆና ነው የምትሰቃየው። ደህና አድርጎ የሚያበላት ሰው ፈልግላት» አለችኝ። በሺህ የሚቆጠሩ እናቶችን ያዋለደች ሴት፣ የድመቷን ሳሕን አጥባ ለብቻው አስቀመጠች። ክቡር ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ላሳዝንዎ ብዬ ሳይሆን መዝገብዎ ሙሉ እንዲሆን ነው።

4ኛ. ይህ ምስጋና እውነተኛ ስለሆነ አጭር ነው። በማግስቱ ስለ መልሱ ልጠይቅ መጥቼ ባዶ እጄን ስመለስ፣ አንዲት ሠራተኛዎ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝና፣ «ወንድሜ፣ እኔም ድመት አለኝ። ከእኛ መልስ አትጠብቅ። ጥንቸል የሚያረባ ሰው ፈልግና ራስህ ቀቅልላት፤ ግን ሥጋ ብቻ ስለማይበቃት የጎደለውን ሐኪሟ ትጨምርበት» አለችኝ። በየትኛው ፎቅ እንደምትሠራ አልናገርም፤ ለዚህ ጥፋቷ እንዳትዛወር እፈራለሁ።

እንዳለችው አደረግሁ። ሐኪሟ ከሥጋው ጋር የምቀላቅለውን ዱቄት አዘዘች፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ቆሜ ከጥንቸል አጥንት ሥጋ ስለቅም ስምንት ሳምንት ሞላ። መፎከቱ ቆመ። ለማረጋገጥ በሐኪሟ ትእዛዝ ጥቂት ዶሮ ብንሰጣት በሁለተኛው ቀን ተመልሳ ፎከተች፤ ስለዚህ ጠላታችን ማን እንደሆነ አወቅን። አሁን አንገቷ ላይ ጠጉር አብቅላለች፤ እኅቴም ለሌላ ሰው ስለመስጠት ከዚያ ወዲህ አንሥታ አታውቅም።

ስለሆነም እሜቴን በተመለከተ ከእርስዎ የምፈልገው ነገር የለም። ሌላው ሰው ግን አጉሊ መነጽር ላይኖረው ስለሚችል፣ «ዶሮ» የሚለውን ቃል ከጣሳው ፊት ለፊት እንዲያስጽፉት እለምናለሁ። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ አርሜ በነፃ እሰጥዎታለሁ።

ስብሰባዎ ሳይቋረጥ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ እንዲኖሩ ከልብ የምመኝልዎ፣ ትሑትና የደከምሁ አገልጋይዎ፣

አራሚው

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ የመሥሪያ ቤትዎ መልስ፣ ማመልከቻው በተመዘገበ በሰባተኛ ወሩ ደረሰን። በውሻችን መሞት የተሰማችሁን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። እኛ ቤት ውሻ ኖሮ አያውቅም። ብቻ ውሻው ለሞተበት ሰው፣ «ድመትዎ ስለዳነችልዎ እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ደብዳቤ እንዳልላካችሁለት ተስፋ አደርጋለሁ።