የቧንቧ ውሃ ለባሕር ዓሣ

ጥቅምት 3

ሱቅ ከፈትኩ። ገበያው ቀዝቃዛ። አንዲት ሴት መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ስትዳብስ ቆይታ «እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። አትመለስም።

ከሰዓት ከሱቁ በላይ ወዳለው ቤታችን ወጣሁ። የዓሣው ገንዳ ጎድሏል። የተጣራው ውሃ ደግሞ አልቋል፤ ጄሪካኑ ባዶውን በሩ ሥር ቆሟል። አባባ ወንበራቸውን ገንዳው ፊት አስጠግተው እንደተቀመጡ ናቸው። የባለቤቴ አባት። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከዚያ ወንበር መነሳት ትተዋል።

«ውሃ ጎድሏል» አሉኝ።

«አየሁ አባባ።»

«ሹሙ ተቆጥቷል።»

ሹሙ ትልቁ ብርቱካናማ ዓሣ ነው። ሌሎቹን ከጥግ ጥግ ስለሚያሳድድ ባለቤቴ ያወጣለት ስም።

ጥቅምት 4

ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ውሃ አጣርቶ የሚሸጠው እሱ ነው። ያንን ጄሪካን ተሸክሞ መመላለስ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ጠባብ ደረጃ... ወገቤ አልቻለም።

«የቧንቧ ብጨምርበትስ?» አልኩት።

«ለባሕር ዓሣ?» ፊቱን አጨማደደ። «ከገንዳው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው እኮ። ጨው አይተንም። ከቧንቧው ጋር የሚመጣውም ቆሻሻ አይተንም፤ በጨመሩ ቁጥር እዚያው ይጠራቀማል። ዛሬ ምንም አይመስልዎትም። ቆይቶ ነው የሚታወቀው።»

ወዲያው ማጣሪያ አወጣ። ቤት ቧንቧ ላይ የሚገጠም፣ ባለ ሦስት ቱቦ። አሃ... ለዚህ ነው?

ሻጭን አውቀዋለሁ። እኔስ መጋረጃ ለሚገዛ ሁሉ «ገበር ከሌለው ፀሐይ ይበላዋል» አይደል የምለው?

ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ብቻ ገዝቼ ተመለስኩ። ከማድቤት ቧንቧ ቀዳሁ፣ ጠብታውን አደረግሁበት፣ ጨመርኩ። ሹሙ አልሞተም።

ጥቅምት 9

እህቴ ደወለች። እሷ ያለችበት ከተማ፣ ከሱቋ ጎን ያለው ሱቅ ሊለቀቅ ነው። መንገድ ዳር፣ ሰፊ መስታወት። ሰፈሩ ሁሉ አዲስ ቤት እየገባ መጋረጃ የሚሸጥለት አጥቷል አለች። አከራዩ እስከ ኅዳር አጋማሽ ይጠብቀኛል።

«ነይ በቃ። ምን ያቆይሻል?»

«አባባስ?»

«ይዘሻቸው ነይ።»

«ያለ ዓሣው ንቅንቅ አይሉም።»

«ዓሣውንም ይዘሽ ነይ፤ ሻርክ አይደል።»

ከዘጋች በኋላ ሜትር አወጣሁ። ገንዳውን ለካሁ፤ በሩንም ለካሁ። ባለቤቴ መስታወቱን እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የገጣጠመው። በበሩ አይወጣም። በመስኮትም። ግድግዳ ካልፈረሰ በቀር እዚያው ነው።

እኔም?

ጥቅምት 12

ጠዋት ውሃ ጨመርኩ። ሱቅ። ምሳ ወደ ላይ። ሱቅ። ማታ ወደ ላይ። የገንዳው ፓምፕ ድምፅ እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር አለ። ከሱቁ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 15

ዓሣዎቹ ቢሞቱስ?

አሰብኩት። ጻፍኩት። የቧንቧውን የመረጥኩት ለወገቤ ብዬ ብቻ ነው?

ጥቅምት 19

መስታወቱ ጥርት እንዳለ ነው። ይኼን ሁሉ ቀን በቧንቧ ውሃ... ሻጩ ዋሽቷል ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም።

ሱቅ ውስጥ የምትሰፋልኝ ሴትዮ የመቀስ እጀታዋን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳች፣ «ሌላዋ ሴት ከባሏ ቤት ትወርሳለች፣ መሬት ትወርሳለች። አንቺ ውሃ ወረስሽ» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ስፊ።»

«እሱም ባይፈስ ጥሩ!»

ሳቅን። ስቄ ስጨርስ ደረጃውን ቀና ብዬ አየሁ። ማንም አልተጣራም። ብቻ አየሁ።

ጥቅምት 22

አባባን ጉንፋን ጣላቸው። አልጋ ላይ ናቸው። ወንበሩ ባዶ።

ጥቅምት 25

መስታወቱ ቡኒ ለብሷል። የገንዳው መሬትም፣ ድንጋዩም። በጣቴ ከውስጥ ብነካው ያሟልጫል። በሦስት ቀን? ያን ሁሉ ጊዜ ሳይመጣ?

ወንበሩ ሥር ጎንበስ አልኩ። የድሮ ጥርስ ብሩሽ፣ ረጅም እንጨት ላይ በገመድ የታሰረ። አንድ ቁራጭ ስፖንጅ። ሁለቱም ቡኒ።

አልጋቸው ጫፍ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ መስታወቱን እርስዎ ነበሩ የሚጠርጉት?»

«የፊት መስታወቱ የቆሸሸ አውቶቡስ ነድቼ አላውቅም።»

«ለምን አልነገሩኝም? የቧንቧው ውሃ እያበላሸው እንደሆነ...»

አሳላቸው። ብርድ ልብሱን ሳቡ።

«ተበላሸ ካልኩሽ ትሸጪዋለሽ። ከሸጥሽው ደግሞ ምን ያቆይሻል?»

የእህቴ ቃል። በዚያን ቀን ስልኩን በድምፅ ማጉያ ሳወራ በሩ ክፍት ነበር ለካ።

እኔ ሱቅ ስሆን ነው የሚጠርጉት። እኔ የማይነሱ ሰው መስለውኝ ሾርባ ሳመላልስ... እሳቸው ኮቴዬን ሲሰሙ ብሩሹን ወንበር ሥር ይከታሉ።

«መሄድ እፈልጋለሁ አባባ» አልኳቸው። ቀስ ብዬ አልነበረም፤ እንዲያው እንደ ወሬ ወጣኝ።

ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ጥቅምት 27

አይናገሩኝም። ሹሙም አይበላም። አንዱን ጥግ ይዞ ያለከልካል።

ጥቅምት 28

ዓሣ ሻጩን ቤት ድረስ አመጣሁት። መመርመሪያውን ነከረ፣ ቀለሙን አየ፣ እኔን አየ።

«የቧንቧ ነው።»

«የቧንቧ ነው።»

«ነግሬዎት ነበር» አላለኝም። ደህና ሰው ነው። ይዞት በመጣው በተጣራና በጨው በተዘጋጀ ውሃ ከፊሉን ቀየረ። ማጣሪያውን እንዲገጥምልኝ ነገርኩት። መጋረጃም እኮ ያለ ገበር ፀሐይ ይበላዋል። ያልኩት ውሸት ሆኖ አያውቅም።

ጥቅምት 29

ማጣሪያው ማድቤት ግድግዳ ላይ በቡሎን ታሰረ። ጫፉ ባልዲ ላይ ጠብ... ጠብ... ሲል ቆሜ አየሁ። እየተንጠባጠበ ባልዲ እስኪሞላ ግማሽ ቀን። ማን ይጠብቀው? ማን ይዝጋው? ለራሴ ሌላ ችካል ነው የገዛሁት።

ኅዳር 1

ሱቁ ሰው ሞላ። ሆቴል የሚያድስ ሰው መጥቶ ጨርቅ ሲያስቆርጠኝ ባልዲው ጭልጥ ብሎ ጠፋኝ። ትዝ ሲለኝ ደረጃውን ሁለት ሁለት ረገጥኩ። ገና ሳልደርስ ወለሉ ረጥቦ ታየኝ፤ በዚያ ላይ የታችኛው ጣሪያ፣ ጨርቁ...

ወለሉ ደረቅ ነው። ቧንቧው ተዘግቷል። አባባ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው፣ በትንሽ ጣሳ እየቀዱ ገንዳው ውስጥ ያንቆረቁራሉ። ሰዓት የሚገፉ አይመስሉም፤ ሥራ ላይ ነበሩ።

«ጄሪካኑ ነበር ያቃተኝ» አሉ ሳይዞሩ። «ደረጃውን ይዤው አልወጣም። ይኼማ ማድቤቴ ውስጥ ነው።»

ከተኮራረፍን ወዲህ የመጀመሪያው ቃል። ቆምኩ። ምን እንደሚያቅታቸው፣ ምን እንደማያቅታቸው ጠይቄያቸው አላውቅም።

ኅዳር 6

ሹሙ በላ። ትንሹን ዓሣ ማሳደድ ጀመረ።

«ተሻለው፤ መጥፎነቱ ተመለሰ» አሉ አባባ።

ጣሳውን አስቀመጡ። ከዚያ፦

«ያ ሱቅ... እስከ መቼ ነው ያለችሽ እህትሽ?»

«እስከ አሥራ አምስት።»

«ታዲያ መናኸሪያ ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ተሳፋሪ?»

«እርስዎስ?»

«እፈራለሁ» አሉ። እንዲህ ይላሉ ብዬ አልጠበቅሁም። «ግን ፈርቼም ነድቻለሁ።»

ኅዳር 8

ተነጋገርን፤ እንደ ነጋዴ። የታችኛው ሱቅ አይዘጋም። የምትሰፋልኝ ሴትዮ ትይዘዋለች፤ ምሳም እዚሁ ከሚቀሩት አባባ ጋር ትበላለች። «ዓሣ ግን አልጠብቅም» አለች ቀድማ። አባባም፣ «ማን ያስነካሻል?» አሉ። እኔ እሑድ እሑድ እመጣለሁ።

ለእህቴ ደወልኩ።

ኅዳር 24

አዲሱን ሱቅ ከፈትኩ። መስኮቱ መንገድ ያሳያል፤ ሰው፣ መኪና፣ ዛፍ። ጠዋት ተነስቼ ወዴት እንደምወጣ ጠፍቶኝ ቆምኩ። ደረጃ የለም።

አንዲት ደንበኛ ጨርቅ መርጣ፣ «ገበሩ የግድ ነው? ወይስ ለመሸጥ ነው?» አለችኝ።

«ዛሬ ምንም አይመስልሽም» አልኳት። «ቆይቶ ነው የሚታወቀው።»

እያሰበች ሳለ አባባ ደወሉ። ባልዲው ሞልቷል፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ሴትዮዋ ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች፣ ሹሙ ማንንም አያስቀምጥም። «እንግዲህ ሥራ አለኝ» ብለው ስልኩን አስቀመጡት። አልዘጉትም። ገንዳው አጠገብ መሆን አለበት... ፓምፑ ይሰማል። ከዚያ ጣሳው ሲቀዳ፣ ውሃው ቀስ ብሎ ሲንቆረቆር።

ደንበኛዋ ቆማለች። እኔም አልዘጋሁትም።