በአንተ ፈንታ የሰጠሁት ሽንት

ኸድር ሆዴ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አሁንም ማዕድ ስንቀርብ በአንተ በኩል ያለውን እንጀራ ሳልነካው እተዋለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ሱቁን ልጅህ ዘሃራ ይዛዋለች፤ ሽምብራ ስትመዝን እንዳንተው ከሚዛኑ ይልቅ የገዢውን ፊት ነው የምታየው። ማክሰኝት ገበያ ወርጄ እህል የምገዛው እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አኖራለሁ፤ ጠዳ ከተማ ላይ ሰው ሲሳፈር አነሳዋለሁ። ይህን ሁሉ የማወራው ዋናውን ላለማንሳት እንደሆነ ታውቃለህ።

ዋናው ያ ጁምዓ ነው። ለደም ግፊትህ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ከዚያው ወደ መስጊድ ልታልፍ ለሶላት ታጥበህ፣ ዉዱእ አድርገህ ነጯን ጀለቢያህን ለብሰህ ነበር። ሽንትህ አረፋ ማብዛቱን ለሐኪሙ የነገርኩት እኔ ነኝ። አንተማ ሳሙና አፍስሰሽ ነው ብለህ ስትስቅብኝ ነው የከረምከው። ሐኪሙ ሽንቱ ይመርመር አለ።

ብልቃጧን ይዘህ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆምክ። ወለሉ ርጥብ ነበር፤ ነጃሳ ነክቶኝ እንዴት እሰግዳለሁ አልክ። ደግሞ ሽንት ተቀባይዋ አያ ኸድር እያለች ያደገች የጎረቤታችን ልጅ ናት። ጀለቢያህን በአንድ እጅህ ሰብስበህ ብልቃጧን ለእኔ ሰጠኸኝ።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ?» አልከኝ።

ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ፣ ኸድር። ገብቼ የራሴን ሞልቼ መጣሁ። ውጤቱ ንጹህ ነው ተባልን፤ አንተም ጁምዓህ ደረስክ።

ከዚያ እግርህ አብጦ ጫማህ ጠበበህ። ቀጥሎ የሰፈራችንን ዳገት ሳታርፍ መውጣት አቃተህ። ልብህ ደክሞ ሆስፒታል ስትተኛ ሽንትህን ከአልጋህ ላይ ወሰዱ፤ ያኔ የእውነት ያንተው ነበር፤ ፕሮቲን ተገኘበት። ሐኪሟ ወንበር ስባ አስረዳችን። ፕሮቲን በሽንት መውጣቱ የኩላሊት ነገር ብቻ አይደለም፤ ኩላሊትን የጎዳው ግፊት የልብንም የደም ሥር እየጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ሲታወቅ በመድኃኒት ይረዳል አለች። ከዚያ የድሮውን ወረቀት አገላብጣ፣ ያኔ እንዴት ምንም አልታየም ብላ ተገረመች።

አንተ አየኸኝ፤ እኔም አየሁህ። ተናገሪ ማለትህ ይሁን ተይው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሐኪሟ እውነቱን ሳልነግራት ወረቀቱን አጥፋ ወጣች። ቀጣዩን ጁምዓ አላየህም።

ሰው ሁሉ አጀሉ፣ የተጻፈለት ቀን ደርሶ ነው ይለኛል። አሜን እላለሁ፤ ሆዴ ግን እሺ አይልም። የገደልኩት እኔ ነኝ የምልበት ቀን አለ። ሐኪሞቹ የፈለጉት ያንተን ነበር፤ እኔ የጤነኛ ሰው ሽንት ሰጠኋቸው።

ባለፈው ወር ወንድምህን አብዱን አጅበን ሄድን፤ እሱም ግፊት አለበት። ብልቃጧን ተቀበለና ዞር ብሎ ለሚስቱ ሰጣት። እግሬ ራሱ አነሳኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ያደረግነውን ተናገርኩ፤ ምንም ሳላስቀር። ገመናህን አደባባይ አወጣሁት፣ ይቅር በለኝ። አብዱ ብልቃጧን ከሚስቱ እጅ ወስዶ ገባ። ፕሮቲን ተገኘበት፤ መድኃኒቱን ጀምሯል። ቤት ሲመጣ ከሰላምታ በፊት እግሩን ነው የማየው፤ እስካሁን ጫማው ልኩ ነው።

ልብስህን በሙሉ ሰደቃ ስናወጣ ጀለቢያህን ብቻ አስቀረሁ። በየጁምዓው ጠዋት አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣታለሁ፤ በሕይወት እስካለሁም አልተውም። ዘሃራ ምነው ንጹሕ ልብስ ታጥቢያለሽ ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ያን ቀን እንኳ ጠብታ አልነካትም።

ነክቷት ቢሆን ኖሮስ? እኔው አጥብልህ ነበር፣ ኸድር ሆዴ።

ሚስትህ ከድጃ