የግድግዳ ልሳን

ውድ ወንድሜ፣

በሰፈሩ ስለ እኔ የሚወራው ወሬ ሦስት ስሕተት አለበት። «አራሚዋ አሮጊት ሌሊት ሌሊት ከግድግዳ ጋር ታወራለች፤ የሞተው ወንድሟም ይመልስላታል» ነው የሚሉት። አንደኛ፣ ሌሊት አይደለም፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ብርሃኑ በመስኮቱ ሲገባ ነው። ሁለተኛ፣ አላወራም፤ አንኳኳለሁ። ሦስተኛውን ለማረም ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ልነግርህ ይገባል።

በሰባ ስድስት ዓመቴ ግድግዳ መለሰን እየተማርሁ ነው። የጓሮውን ክፍል ታስታውሳለህ፤ ለእናታችን ብለህ ሦስቱን ግድግዳ ለስነህ፣ አራተኛውን እስከ መካከሉ አድርሰህ የተውኸውን። እዚያ ላይ ቁም ሳጥን ገትሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርሁ። ከቀብርህ በተመለስሁ በሳምንቱ ቁም ሳጥኑን አስነሣሁት። ግማሹ ግድግዳ እንደ ወረቀት ልስልስ ያለ ነው፤ ግማሹ ራቁቱን የቀረ ጡብ ነው። በመካከላቸው፣ በደረትህ ቁመት ላይ፣ ወርውረኸው የሄድኸው የመጨረሻው ጭብጥ ልስን እንደ ቁስል አብጦ ይታያል። ከሥሩ ደግሞ ሰሌዳህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

ያን ሰሌዳ ከሰው ቅጥር ወጥተህ ለራስህ መሥራት የጀመርህ ሰሞን በገዛ እጅህ ነበር የጻፍኸው። ነጭ ጣውላ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ «የግድግዳ ልሳን በጥራት እንሠራለን»። ከማንም አስቀድሞ እኔ እንዳየው ብለህ እዚህ ድረስ ተሸክመኸው መጣህ። ሁለቱ የቀን ሠራተኞችህ ሲሚንቶ ያቦካሉ፤ እናታችን በሩ ላይ ወንበሯን አውጥታ ተቀምጣለች። እኔ ከማተሚያ ቤት መግባቴ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት ስለቅም ውዬ።

«እትዬ፣ እስቲ እይልኝ» አልህ። እይልኝ አልህ እንጂ አርሚልኝ አላልህም።

ከጆሮህ ላይ ቀዩን ጠመኔ ነጠቅሁና «ሳ»ን ሰርዤ ከላዩ «ስ» ጻፍሁበት። ይህም አልበቃኝም። «ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልሳን እንዳለው ግን ዛሬ ከአንተ ተማርሁ» አልሁ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እናታችን ሳቀች። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። አንተ ግን በመለሰኛ ማንኪያህ ላይ የነበረውን ልስን ግድግዳው ላይ ወረወርኸው፣ እጅህን በሱሪህ ጠረግህ፣ ወጣህ። ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጥህም።

ሳምንት ሳይሞላ ከሠራተኞቹ አንዱ ነገሩን አገር አሰምቶት ስምህ «ልሳኑ» ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያሉት አንተን ነው፣ ቃል ከአፍህ በመከራ የሚወጣውን ሰው። በቀብርህ ዕለት አንድ ሰው በሩ ላይ አስቁሞ «የልሳኑ ቀብር እዚህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ? ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ይቅርታ ልጽፍልህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ዐረፍተ ነገሩን ሳቃና፣ ቃሉን ስለዋውጥ ቀኑ መሸና ተውሁት።

ልስኑን መጀመሪያ የሞከርሁት ብቻዬን ነው። በሲሚንቶው ከረጢት ላይ የተጻፈውን ሁሉ አነበብሁ፤ አንድ የፊደል ግድፈትም አገኘሁበት። ከዚያ አቡክቼ ለጠፍሁ። ከቀትር በኋላ ሁሉም ተገንጥሎ እግሬ ላይ ወረደ። አፍሬ ልጅህ ዘንድ ሄድሁ። ሙያህን እሷ እንደ ወረሰች ሰምቼ ነበር። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ እሷ ግን በማግስቱ መሣሪያህን በከረጢት ይዛ መጣች። እስከ ቅንድቤ በሲሚንቶ ተለውሼ ስታየኝ ከረጢቱን አስቀመጠችና፣

«አክስቴ፣ የለሰኑት ግድግዳውን ነው ወይስ ራስዎን?» አለችኝ።

ክፉ መምህር ናት። ግድግዳው ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ካልጠጣ የልስኑን ውሃ መጦ ያደርቀዋል አለችኝ፤ የእኔ የወደቀው ለዚያ ነው። አሸዋውን ሁለት ጊዜ አስነፋችኝ። አወራወሩ ከእጅ አንጓ ነው እንጂ ከትከሻ አይደለም እያለች ክንዴን ያዘችልኝ። ለስኜ ስጨርስ ከጆሮዋ ላይ ቀይ ጠመኔ አወረደች። አዎ፣ እሷም እዚያው ነው የምትሰካው። በማንኪያው እጀታ እያንኳኳች፣ ልስኑ ያልያዘበትን ቦታ እየከበበች «ይሄ ይፍረስ፣ ይሄም ይፍረስ» ትላለች። ዕድሜ ልኬን በሰው ጽሑፍ ላይ የሠራሁትን በገዛ ግድግዳዬ ላይ ቆሜ አየሁት።

አንድ ቀን እንዲሁ ስታንኳኳ «ልሳኑን ይስሙት» አለችኝ።

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጥሁት። ምን አልሽ አልኋት።

«ልሳኑን ነዋ። አባባ ነው የሚለው። ግድግዳ ልሳን አለው፤ ስታንኳኪው የሠራውን ሰው ይናገራል ይል ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። ትዝ ከሚለኝ ጀምሮ።»

ሰሌዳውን ባመጣህ ጊዜ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ የእሷ ትዝታ አይፈርድልኝም። አስቀድመህ እንዲህ ትል ኖሮ ነው ሰሌዳው ላይ የጻፍኸው? ወይስ በስሕተት ጽፈኸው፣ ከሳቅንብህ በኋላ ቃሉን ከእኛ አፍ ቀምተህ የራስህ አደረግኸው? በሥራዬ ላይ በማላውቀው ቃል ላይ ምልክት አድርጌ አላውቅም፤ መዝገበ ቃላት እገልጥ ነበር፣ ጸሐፊውን አስጠርቼ እጠይቅ ነበር። አንተ ከፊቴ ቆመህ ነበር፤ አልጠየቅሁህም።

የአንተን ግድግዳ ሁሉ አንኳኳችው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላም እንደ ድንጋይ ድፍን ነው። ያ የመጨረሻው ጭብጥ ብቻ እንደ ቅል ባዶ ሆኖ ጮኸ። ከበበችውና «ይሄ ተወርውሮ ሳይታሽ የቀረ ነው። ካልፈረሰ አዲሱ አይጋጠምም» አለች። አይነካም አልኋት። እጅህ በመጨረሻ የነካው እሱ ነው። ዙሪያውን ለስኜ አልፈዋለሁ አልሁ።

«እንደ ፈቀዱ» አለች መሣሪያዋን እየሰበሰበች። «ግድግዳው ግን አይዋሽልዎትም።»

ሦስት ጊዜ ዙሪያውን ለሰንሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከእሱ ጫፍ ጀምሮ ተሰነጠቀ። እንግዲህ በየጠዋቱ የማንኳኳው ይህን ነው፤ ጎረቤት በመስኮት የሚያየኝም ጆሮዬን ለጥፌ ስቆም ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ አንተ ያለህ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ጠዋት ሳላንኳኳም ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

አሁን ሦስተኛውን ስሕተት ማረም እችላለሁ። የሚመልስልኝ አንተ አይደለህም። ዛሬ ጠዋት ሳንኳኳ ለየሁት፤ ያ ድምፅ የእኔ ሳቅ ነው። ግድግዳ የሠራውን ሰው ይናገራል ብለሃል። ግድግዳውን ሁሉ አንተ ሠራኸው፤ ያን አንድ ጭብጥ ግን በአንተ እጅ የወረወረው የእኔ ሳቅ ነው። የአንተ ነው እያልሁ ስጠብቀው ቆየሁ።

ልጅህ ዘንድ ሰው ልኬአለሁ፤ ነገ ከሦስት ሰዓት በፊት ትደርሳለች። እሷ ከመድረሷ በፊት መሮና መዶሻ ይዤ ያን ቦታ እኔው አፈርሰዋለሁ፤ በእሷ እጅ አይሆንም። አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ ጡቡን ውሃ አጠጣዋለሁ። አሸዋውን ሁለት ጊዜ እነፋለሁ። ሰሌዳህን ፊቱን ወደ ሰው አዙሬ በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን እርጥብ ጨርቅ ይዤ ከ«ሳ»ህ ላይ ስረዛዬን እጠርጋለሁ። ጠመኔ እኮ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢያብሱት ይለቅ ነበር።

እትዬ ትላት የነበረችው እኅትህ