ቻንታ በካዚኖው ቤተ መቅደስ የተንበረከከች ቀን

ውድ ፋጤ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። አላህ ይዘንልሽ፣ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ደህና ነኝ ብልሽ አታምኚኝምና ያለሁበትን ልንገርሽ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይፈራል። ሻይ ላይ ስኳር ቀንሻለሁ። ሀያት በየቀኑ እየደወለች "አባ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ?" ትለኛለች፤ ባልዋጥም ዋጥኩ እላታለሁ። ዊትኒ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። የወጥ ቤቱን ቧንቧ በመጨረሻ አሠራሁት፣ ያንን ስድስት ዓመት ሙሉ አሠራው ስትይኝ የኖርሽውን። ሠራተኛው በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልብሶችሽን ሀያት ወስዳቸዋለች፤ አረንጓዴዋን ሹራብ ብቻ ደብቄ አስቀርቻታለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ናፍቆቴን ልነግርሽ አይደለም። ተናድጃለሁ። ሦስት ወር ሊሞላው ነው፣ ንዴቴ አልበርድ አለኝ። ለሀያት ስነግራት "አባ፣ ደም ግፊትህ" ትለኛለች። መስጊድ ላሉት ጓደኞቼ ስነግራቸው ግማሾቹ "የሰው ጣዖት አንተን ምን አገባህ?" ይሉኛል። ምን እንዳገባኝ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ነገሩ የቻንታ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሆቴል፣ በአንድ ፎቅ አብራችሁ አልጋ አንጥፋችኋል፣ መታጠቢያ ቤት ፈትጋችኋል። እሷ ከካምቦዲያ፣ አንቺ ከደሴ፤ ሁለታችሁም ጦርነት ያባረራችሁ። የሁለታችሁ እንግሊዝኛ ተደምሮ ለአንድ ሰው አይበቃም ነበር፤ ግን ከሺፍት ስመልሳችሁ ከኋላ ወንበር ሳቃችሁ አያባራም። ምን ትባባሉ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንቺ ያላየሽውን ደግሞ ልንገርሽ። ያረፍሽ ዕለት ቻንታ ነጭ በነጭ ለብሳ መጣች። በእነሱ ዘንድ የሐዘን ልብስ ነጭ ነው። ሴቶቹ መካከል ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሦስቱንም ቀን ከቤታችን አልጠፋችም። ቁርኣን ሲቀራ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፣ ሲያበቃ ተነስታ ሰሃን ታጥባለች። አንዷ ለቀስተኛ "ይህች ደግሞ ማናት?" ብላ ብትጠይቅ፣ ሀያታችን "የእማዬ እህት ናት" አለቻት።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ከኢድ በኋላ ደውላ "ብራዘር ሰይድ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ" ያለችኝ። ምን እንደሆነ ሳልሰማ እሺ አልኳት።

ስትሪፑ ላይ፣ ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል፣ ስሙን ጽፌ ደብዳቤሽን አላቆሽሽም፣ ከካዚኖው ጎን ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አቁሟል። አቁሟል ስልሽ አስመስሎ ሠራ ማለቴ አይደለም። ድሮ ከካምቦዲያ ጫካ ተነቅሎ የወጣ፣ ከሀብታም ወደ ሀብታም ሲሸጥ የኖረ እውነተኛ ድንጋይ ነው። ዓምዱን፣ በሩን፣ ሐውልቶቹን ገዝተው፣ አዳራሽ ውስጥ መልሰው ገጣጥመው፣ በጋይድ ያስጎበኛሉ። ይህን ከተማ ታውቂዋለሽ። ፒራሚዱ ቅጂ ነው፣ ግንቡ ቅጂ ነው፣ ሰማዩ ሳይቀር ጣሪያ ላይ የተቀባ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ስነዳ በዚህ ተናድጄ አላውቅም፤ ቅጂ ማንንም አይጎዳም። ይሄኛው ግን የምር ነው። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ወደዚያ እንድወስዳት ነበር የለመነችኝ። ልጆቿ ሥራ ስለሚበዛባቸው እሷም ስለማትነዳ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ይዣት ሄድኩ። ያንን ነጭ ልብሷን ለብሳለች። ከጓሮዋ የቀጠፈቻቸውን አበቦች በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀምጣቸዋለች። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ የቁማር ማሽኖቹን አልፈን፣ ትኬት ቆርጠን በሩ ላይ ስንደርስ ሴኩሪቲው አበቦቹን ከእጇ ወሰደ። "ከውጭ ያመጡት ነገር አይገባም" ብሎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመራቸው። ይቅርታ እንኳ አላለም። ፋጤ፣ እሷ ባዶ እጇን ገባች። እኔም ተከተልኳት። ያን ጊዜ መመለስ ነበረብን።

ጋይዷ ማይክሮፎን ጉንጯ ላይ የለጠፈች ወጣት ልጅ ናት። ከእኛ ጋር ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ነገ ሊያገባ ነው የተባለ ጎረምሳና ጓደኞቹ አሉበት፤ ቢራቸውን ይዘው ገብተዋል። ቢራው ከውጭ የመጣ አይደለማ! ከሆቴሉ ባር ነው የተገዛው። ልጅቷ እጇን ዘርግታ "ማንም የማይፈልገው፣ የራሱ ሰዎች ትተውት የሄዱት፣ ጫካ የዋጠው ቤተ መቅደስ! እኛ ግን አዳንነው!" አለች። ሰዉ አጨበጨበ።

ቻንታ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ልጅቷ "እናቴ፣ ለደህንነትዎ ሲባል ጫማ ማውለቅ አይቻልም" አለቻት። መልሳ አደረገችው።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባን። በሐምራዊና በአረንጓዴ መብራት አጥለቅልቀውታል። ሙዚቃው ይደልቃል። ጎረምሶቹ አንዱ ሐውልት ጉልበት ላይ ወጥተው ፎቶ ይነሳሉ፤ ሙሽራው ባርኔጣውን አውልቆ ለሐውልቱ አጠለቀለት። ልጅቷ አብራ ሳቀች። አያቴ ትዝ አለኝ። ከደሴ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን ገበያ ሲወርድ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደርስ ከበቅሎው ይወርድና በእግሩ ያልፍ ነበር። የእሱ እንዳልሆነ ጠፍቶት ነው? ጎረቤቱ አቶ ተሰማም መስጊዱ ጋ ሲደርስ እንዲሁ ይወርዳል። ማንም ሕግ አላወጣላቸውም። ይህን ሕንፃ ያቆሙት ሰዎች ያ ሁሉ ገንዘብ እያላቸው ከበቅሎ መውረድ አቃታቸው።

መጨረሻው ክፍል ውስጥ ትልቁ ቡድሃ ተቀምጧል። ጭንቅላት የለውም። ከትከሻው በላይ ባዶ ነው። ልጅቷ "ጭንቅላቱን ጊዜ ወሰደው" አለችና ወደ ቀጣዩ ልታልፍ ስትል ቻንታ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ እስኪመስለኝ ጮክ ብላ ተናገረች።

"ጊዜ አይደለም። መጋዝ ነው።"

ሁላችንም አየን። የአንገቱ ስባሪ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ልሙጥ ነው። ቻንታ በዚያ ስብርባሪ እንግሊዝኛዋ ነገረቻቸው። ልጅ ሳለች እናቷ በረሃብ ልትሞት በምታጣጥርበት ወራት፣ ሰዎች በሌሊት በካሚዮን እየመጡ የመንደራቸውን ቤተ መቅደስ ሐውልቶች አንገት በመጋዝ ሲቆርጡ ድምፁን ከቤታቸው ትሰማ ነበር። "ይሄ የኛ መንደር አይደለም" አለች። "ግን እኛ ትተን አልሄድንም። እየሞትን ነበር።"

ሙዚቃው ይደልቃል። ልጅቷ ወረቀቷን ገለበጠች። ቻንታ ያን ጊዜ በጉልበቷ ወደቀች። ጫማዋን አውልቃ ጎኗ አስቀመጠች፣ መዳፎቿን ገጠመች፣ ግንባሯን መሬት አስነካች።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም፣ ለሀያትም ቢሆን። ሰዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ሲቀርጿት እኔ አፈርኩ። በእሷ አፈርኩ። ጎንበስ ብዬ "ቻንታ፣ ተነሽ፣ ሰው እያየን ነው" አልኳት። ሃያ ስምንት ዓመት ለደንበኛ እሺ ሲል የኖረ አንገት እንዲህ ነው፣ ራሱን ደፍቶ ሌላውንም ድፋ ይላል። ከሁሉም በላይ የተናደድኩት በዚያች ቃሌ ነው።

አልተነሳችም። ሴኩሪቲው መጣና ክንዷን ያዘ። "መስመሩን እየዘጉ ነው" እያለ ሊያነሳት ሳባት።

ያን ጊዜ አንቺን አየሁሽ። የዚያ የሆቴላችሁ እንግዳ ቀለበት የጠፋ ቀን፣ ቻንታን "ሌባ" ብለው ቦርሳዋን ሲበረብሩ፣ አንቺ በኮሪደሩ መሃል ቆመሽ "የእኔንም በርብሩ፣ ሳትበረብሩኝ አልንቀሳቀስም" ያልሽው። ማናጀሩ ከሥራ እንደሚያባርርሽ ዝቶብሽ ነበር። ቀለበቱ ከሰውየው ከራሱ የመላጫ ቦርሳ እስኪወጣ ድረስ ከቦታሽ አልነቃነቅሽም። ማታ ስትነግሪኝ እኔ ምን አልኩሽ? "ምን አስገባሽ?" ነው ያልኩሽ። መልስ ሳትሰጪኝ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ተኛሽ።

"እጅህን አንሳ!" አልኩት። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። "እዚህ ካለነው ሰው ሁሉ ይህ ቤት ለምን እንደተሠራ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እነዚያ ሐውልቱ ላይ ወጥተው ሲጨፍሩ የት ነበርክ?" እጁን አነሳ። በእሱና በእሷ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ሙሽራው ሄዶ ባርኔጣውን ከሐውልቱ ላይ አወረደና በእጁ ይዞት ቀረ። ቻንታ ጸሎቷን አልቸኮለችም። ሦስት ጊዜ ሰግዳ ስትጨርስ ራሷ ተነሳች።

ከዚያማ ሌሎች ሁለት ሴኩሪቲዎች አጅበው አወጡን። ማናጀሩ ቀዝቃዛ ቢሮ ውስጥ አስቀምጦን ፈገግ እያለ "ለተፈጠረው አለመመቸት" ይቅርታ ጠየቀና የቡፌ ኩፖን ሰጠን። የሁለት ሰው ቡፌ፣ ፋጤ! የሰው እምነት ረግጠህ ስታበቃ በሽሪምፕ ትታረቃለህ? ልወረውርበት ስነሳ ቻንታ ክንዴን ነካችኝ። ኩፖኑን በሁለት እጇ አክብራ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"ጭንቅላቱ የት ነው?"

ሰውየው አየን፣ ኮምፒውተሩን አየ። "መረጃውን አጣራለሁ" አለ። እስካሁን እያጣራ ነው።

አልተውኩትም። ከሀያት ጋር ተቀምጠን ለሆቴሉ ደብዳቤ ጻፍን፤ ጭንቅላቱ የት እንዳለ ንገሩን፣ ሰዎቹም በሥርዓታቸው ይጸልዩ ብለን። የመጣው መልስ የኛን ደብዳቤ ያላነበበ ሰው የጻፈው ነው። ሁለተኛ ጻፍን። ሦስተኛውን ራሴ ይዤ ሄድኩ፣ ከቻንታ ቤተ መቅደስ አረጋዊ መነኩሴና ከአሥራ አንድ ካምቦዲያውያን ጋር። የእነሱ ቤተ መቅደስ እኮ ተራ የመኖሪያ ቤት ነው፣ ጋራዡን አጽድተው የሚጸልዩበት። መኪና ማቆሚያው ላይ ያቺ ጋይድ አገኘችኝ። ከሥራ መውጣቷ ነበር። ዓይኔን ሳታይ "እኔ የሰጡኝን ነው የማነበው" አለችኝ። "አውቃለሁ ልጄ" አልኳት፤ "ግን ያነበብሽው ውሸት ነው።" አለቀሰች። አሁን "ጊዜ ወሰደው" የሚለውን ትታ "በመጋዝ ተቆርጧል" እንደምትል ሰምቻለሁ። ስለዚህም ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል።

በመጨረሻ ምን እንደፈቀዱልን ልንገርሽ። ሰኞ ጠዋት፣ ቱር ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰዓት። አበባ ይገባል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ሙዚቃው ይጠፋል። ሰዎች "አሸነፍክ እኮ ሰይድ" ይሉኛል። ምኑን ነው ያሸነፍኩት? ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፣ መታወቂያ ያሳያሉ፣ ሴኩሪቲ ጥግ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። የገዛ አምላካቸውን እንደ እስረኛ ነው የሚጠይቁት። ቻንታ ግን ይህንንም አመስግና ትቀበላለች፤ እኔ ነኝ መቀበል ያቃተኝ።

ሰኞ ሰኞ አደርሳታለሁ። እኔ ሃይማኖቴ ሌላ ነውና ደጁ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ባለፈው ስትወጣ ለማን እንደጸለየች ጠየቅኳት። ለእናቷ፣ ለሁለት ወንድሞቿ፣ ቀጥሎ ለአንቺ አለችኝ። ፋቱማ ብላ ስምሽን ስትጠራ ረዘም አድርጋ ነው የምትጠራው። ቅር እንደማይልሽ አውቃለሁ። እኔም ቅር አላለኝም።

የመስጊድ ጓደኞቼ ካሁን በኋላ "ምን አገባህ?" ቢሉኝ መልስ አለኝ። ያን ሌሊት ወደ ግድግዳው ዞረሽ ስትተኚ ያልመለስሽልኝን መልስ አሁን አውቄዋለሁ። ዘግይቼ በማወቄ አውፍ በይኝ።

ፎቶሽን ሳሎን ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ግን አንቺን ማስታወስ ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። አንቺ ብትኖሪ ሄደሽ የምትቆሚበት ቦታ ሁሉ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ እኔ እቆማለሁ። መንዳት ሲያቅተኝ ሰኞን ሀያት ትረከበኛለች፣ ቃሏን ሰጥታኛለች። የእኔም ቃል ይኸው።

ያንቺው ሰይድ