ባንክ ያልጠቀለላቸው ሳንቲሞች

ውድ አባዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሌላ መጀመሪያ ስለሌለው ነው። ሌሎች ቃላት ሞክሬ ነበር፤ በፖስታ የሚላኩ ሆነው አላገኘኋቸውም።

ቅዳሜ የሳንቲም ክለባችን ዓመታዊ ትርኢት ነበር። አዳራሹ ያው የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነው፤ ጣሪያው ዛሬም ያንጠባጥባል። ዶናቱም አንተ ወደ አሪዞና ስትሄድ ትተኸው የሄድከው ሳይሆን አይቀርም። ዘንድሮ የተወዳደርኩት «ከዝርዝር የተገኙ» በሚለው ክፍል ነው። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ያረቀቅከው ራስህ ነህ። እዚህ ክፍል የሚቀርብ ስሕተት ያለበት ሳንቲም ከኪስ፣ ከሱቅ መልስ ወይም ባንክ በወረቀት ጠቅልሎ ከሚሰጠው የሳንቲም ጥቅል በገዛ እጅ የተገኘ መሆን አለበት። የተገዛ አይገባም።

በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ የልጅነቴን ግኝቶች ሁሉ ደረደርኩ። ማተሚያው ተሳስቶ ዓመቱን ድርብ አድርጎ ያወጣው አለ፤ ምንም ሳይታተምበት ያመለጠው መላጣ አለ። መካከል ላይ ንጉሣቸውን አስቀመጥኩ፤ የማተሚያው ምት ወደ ጎን ሸሽቶ ሳንቲሙ ላይ ያለውን የሊንከንን ግንባር የቆረጠውን። ከሥሩ «በዘጠኝ ዓመቴ፣ ከአባቴ ጋር፣ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት» ብዬ ጻፍኩ። አንደኛ ወጣሁ። ሊቀ መንበሯ ዶሬታ ሰማያዊውን ሪባን ደረቴ ላይ ሰክታ «ዓይን ማለት ይሄ ነው! አይማሩትም፣ ይዘውት ይወለዳሉ» ብላ አስጨበጨበችልኝ።

ከዚያ ሳንቲም ነጋዴው ኦርቪል መጣ። እግሩ በከዘራ ነው፣ ድምፁ ግን ደጋፊ አላስፈለገውም። ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ ቆየና፣

«ውይ፣ የኔ ልጅ!» አለ።

እኔን መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ለካ ሳንቲሙን ነው።

«ጉንጩ ላይ ያለችውን ጭረት አየሻት? የካዝናዬ በር ነው የጫራት። ለአባትሽ ስሸጥለት በዚህች ጭረት ስንት እንደተከራከረኝ! አስቀንሶኝ ነው የወሰዳት፣ ያ ቆጥቋጣ።»

«ተሳስተሃል ኦርቪል። ይሄ ከባንክ ጥቅል ነው የወጣው።»

«እሱማ ይወጣል! እኔ የምነግርሽ ማን እንዳስገባው ነው። ጥርስሽ ሲወልቅ ትራስሽ ሥር ገንዘብ የምታኖረዋን መልአክም እስካሁን ታምኛታለሽ እንዴ?»

ብቻውን ሳቀ። ዶሬታ ሪባኑን አልነጠቀችኝም፤ ዓይኗን ግን ከእሱ አልነቀለችም። ፈትቼ ሰጠኋት። ክለቡ ውስጥ አዳዲስ አባላትን የማስተምረው እኔ ነኝ፣ አባዬ። «ዓይናችሁን እመኑ» እያልኩ።

እዚያው መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩልህ። ሚስትህ ጃኒን «መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው» አለችኝ። «አውጪልኝ» አልኳት።

«ኦርቪል ያለው እውነት ነው?»

«ኦርቪል አልሞተም እንዴ?» አልከኝ።

«አባዬ!»

«አንዳንዶቹን አስገብቻለሁ፣ የኔ ማር። ሁሉንም ግን አይደለም። ራስሽ ያገኘሻቸውም አሉ።»

«የትኞቹን?»

«አሁን ምኑን ላስታውሰው? ምልክት አላደረግኩባቸው።»

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ያውቃል። አንተ ግን ስንዴውንና እንክርዳዱን ቀላቅለህ፣ ለቅሞ መለየቱን ለእኔ ትተህ ዋና ገባህ።

ሳስበው ነገሩ ያስታውቅ ነበር። ባንክ የጠቀለለው ጫፉ ድንጋይ ነው፤ ስንቱን ጥፍሬን ሰብሮታል። አንዳንድ ቅዳሜ ግን ጥቅሉ ገና በአውራ ጣት ስነካው እንደ ትኩስ ዳቦ ይከፈት ነበር። «ዛሬ ዕድልሽ ለስላሳ ነው» ትለኝ ነበር፤ ለካ አንተ ፈትተህ መልሰህ የጠቀለልከው ነው። ማጉያ መነጽሩን ዓይንህ ላይ ሰክተህ፣ እንደ ቀብር አስፈጻሚ ተኮሳትረህ፣ ገዝተህ የከተትከውን ሳንቲም «እንዴ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትል ቅንድብህ እንኳ አይነቃነቅም። ሀገር ትልቅ ተዋናይ አምልጧታል።

«ለምን?» ስልህ የመለስክልኝ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። «እናትሽ ጥላን ከሄደች በኋላ፣ ምንም ሳታገኚ ስትቀሪ ይሰለችሽና ቅዳሜን አክስትሽ ቤት መዋል ትጀምሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ስማኝ አባዬ። እኔ ሳንቲም አልወድም ነበር። እጄ መዳብ መዳብ ይሸት ነበር፤ ባጥበውም አይለቅም። አክስቴ ቤት ውሻ ነበረ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበረ፣ ጠዋት ጠዋት ፓንኬክ ነበረ። እኔ ግን ያቺ የምትወዛወዝ ወንበር ላይ የምቀመጠው፣ እናቴ ከሄደች ወዲህ አንደበትህ የሚፈታው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ስለነበረ ነው። ብዙውን የምታወራው ከሊንከን አገጭ ጋር ነበር፤ ይሁን፣ እሱም በቅቶኝ ነበር። ምንም የማይገኝበት ጥቅል ስንፈታ ውለን ብናድርም የትም አልሄድም። አንተ ግን አላመንከኝም። የገዛ ልጅህን በጉቦ አስቀመጥካት፤ ጉቦ መብላቷን እንኳ ሳትነግራት።

ሪባኑ ይቅር። ክለቡም ይሳቅብኝ፤ ዶሬታ ከሳቀች ቆይታለች፣ ለጤናዋ ጥሩ ነው። አለመታመኔን ግን በስልክ «ይቅርታ፣ የኔ ማር» ብለህ የምትዘጋው አይምሰልህ።

ዛሬ ባንክ ሄጄ አንድ ሙሉ ካርቶን የባለ አንድ ሳንቲም ጥቅል አስወጣሁ። ማሸጊያው አልተነካም፤ እኔም አልነካውም። ለምስጋና ቀን እንደምትመጡ ጃኒን ነግራኛለች። ና። ኪስህን በር ላይ ትገለብጣለህ፣ እጅጌህን እስከ ክርንህ ትሰበስባለህ፣ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለህ። ጥቅሎቹን ከፋቹ እኔ ነኝ። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እናያቸዋለን፤ ምናልባትም ምንም አናገኝም፣ ወጉ እንዲያ ነውና። የመጨረሻው ጥቅል ባዶ ሲሆን ቀና በልና ወንበሬን እይ። እዚያው ተቀምጬ ታገኘኛለህ።

ንዴቴ እንዳለ ሆኖ፣
ልጅህ ግዌን