የዶን ጌራርዶ ማድረቂያ

ማርች 4

በፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ሳልፍ የሰማሁት፦ «የጌራርዶ ማድረቂያ አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶ አያውቅም። ያበላሸው ቡድናችንን ብቻ ነው።»

ተበላሽቶ አያውቅም። ጥሩ። እኛም የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

እስካሁን ያተምነውን ቲሸርት አንድ በአንድ በትኩስ መጭመቂያ ነው የምናደርቀው። ማድረቂያ ያለው ሰው ቀበቶው ላይ ጣል ያደርገዋል፤ በጋለው ዋሻ አልፎ በወዲያኛው በኩል ደርቆ ይወድቃል። የኳስ ቡድናችን ሜይ ላይ ወደ ላይኛው ምድብ... አይባልም። ያ ነገር ከሆነ ከተማው ሁሉ በዚያው ምሽት ቲሸርት ይፈልጋል። ካላደረስን ሥራው ወደ ሳሌርኖ አታሚዎች ይሄዳል፣ የእኛም ማተሚያ ቤት ይዘጋል። ወንድሜ ሳቢኖ ወደ አጎታችን ጋራዥ። እኔስ?

ማርች 6

የደጋፊዎቹ ሊቀመንበር አኒዬሎ መጣ። ቲሸርት ሊያዝዝ። ከድል በፊት ማዘዝ ደግሞ ነውር ነው።

«ኦርቴንሲያ፣ እኔ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ።»

«ይሄ የማልፈልገው ነገር ግን... ስድስት መቶ ቢሆን፣ በአንድ ምሽት ይደርሳል?»

«ምን ተጽፎበት?»

«አታሟርቺ!» ብሎ ክፉ ገድ እንዲርቅ የበሩን የብረት እጀታ ጨበጠ።

ትዕዛዙን መዝግቤያለሁ። ስድስት መቶ፣ ምንም።

ማርች 9

ሳቢኖ አዲስ ካልሆነ አለ። ካታሎጉን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይዞት ይዞራል። የቤርጋሞው ሻጭ በስልክ ዋስትናውን፣ መለዋወጫውን፣ የቀለሙን ምርጫ ዘረዘረ። መቼ ይደርሳል? ጁን። ጨዋታው ሜይ ላይ ነው።

«ቢዘገይም አዲስ ነው» አለ ሳቢኖ።

እንዲህ ያለ ታጋሽ ደንበኛ ቤርጋሞ ውስጥም የለም።

«የዶን ጌራርዶስ?»

«እሱን ገደ ቢስ ካመጣሽ እኅትም የለኝ!»

ማርች 15

ዶን ጌራርዶ ዘንድ ሄድኩ። የዛሬ ሰባት ዓመት የድል ቲሸርት ሐሙስ ዕለት አትሞ ጨረሰ። እሁድ ተከላካያችን በገዛ መረባችን ላይ አገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው እሱን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ተከላካዩ ግን አሁንም ሰርግ ላይ ይጠራል።

«ማነው የላከሽ?»

«በራሴ ነው የመጣሁት፣ ዶን ጌራርዶ።»

«እንግዲያስ በሩን ክፍት ተይው ልጄ። መግባትሽን ሰው ይይ።»

ቀበቶው አልተበላም። ማሞቂያዎቹ ሁሉ ይግላሉ። ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት ነው የሚያጉረመርመው። ዋጋ ጨረስን።

ማርች 22

ሳቢኖ ተሸነፈ። ግን በቅድመ ሁኔታ። ማሽኑ በቡድናችን ቀለም ሰማያዊ ይቀባ። እግሮቹ ስር ጨው ይደረግ። እስከ ጨዋታው ድረስ ደግሞ አንድም ጨርቅ እንዳያልፍበት።

ተስማማሁ። ሰማያዊ ቀለም ሙቀት አይቀንስም፤ ጨውም መብራት አይቆጥርም። ሦስተኛው? እሱ የባሰበት ድንቁርና ነው... ሳቢኖ ምሳ ሲወጣ እናያለን።

ሜይ 16

ሳቢኖ ምሳ ወጣ።

ማድረቂያ አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ከሥራ በፊት አንድ ጨርቅ አሳልፎ ማጠብ ነው። ዋሻው ውስጥ በቂ ጊዜ ቆይቶ ያልበሰለ ቀለም ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሎሚ ያለበት አሮጌ ንድፍ አተምኩ። ሎሚና ኳስን ምን ያገናኛቸዋል? ዋሻውን አጋልኩ፣ ጨርቁን ይዤ ቀበቶው አፍ ላይ ቆምኩ። ቆምኩ...

ማሽኑን አጠፋሁት። ደክሞኝ ነው።

ሜይ 18

ሦስት ለባዶ!

አኒዬሎ በሩን በእግሩ እየመታ፦ «አሁን እፈልጋለሁ! አሁን ሁሉንም እፈልጋለሁ!» ወረፋው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ። ሳቢኖ የቀበቶውን ፍጥነት ጨመረ። «ቶሎ በይ፣ ሰው እያለቀሰ ነው!» እንደገና ጨመረ። ሕዝቡ ትኩሱን እየተሻማ ለበሰ። ዶን ጌራርዶ ብቅ ሲል ወረፋው ለሁለት ተከፈለ... ከዚያ አኒዬሎ አቀፈው። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጨበጠውን ሰው።

ስድስት መቶው አለቀ።

ሜይ 27

ዶን ጌራርዶ ቡና ቤት ሲገባ ሰው «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እያለ ይጣላለታል። ሳቢኖ ለመጣ ለሄደው፦ «ያገለገለ ማሽን የመሰለ የለም። እኅቴን ስንት ለምኜ መሰላችሁ ያሳመንኳት!» አኒዬሎ ለክረምት ኮፍያ አዘዘ፤ በግልጽ፣ ብረት ሳይነካ። ማተሚያ ቤቱ አይዘጋም።

ቲሸርቱ እስከ መጪው የውድድር ዘመን አይታጠብም ተብሏል፤ ገዱ ይታጠባል አሉ። ሙቀቱ ደግሞ ጀምሯል። ከተማው ይሸታል፣ ግን ደስተኛ ነው። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም።

የእኔን ዛሬ አጠብኩት። ጽሑፉ ሄዶ ባዶ ነጭ ሆኖ ወጣ።